ከሰው ጓዝ ጋር የተሳፈረ እንጉዳይ

ከጆሃንስበርግ ወደ ፕሪቶሪያ የሚወስደው ጋውትሬን የተባለ ፈጣን ባቡር ሀትፊልድ ላይ ያበቃል። ከጣቢያው ወጥቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሳቀና የረገጥኩት አስፋልት ሐምራዊ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጃካራንዳው አብቦ አብቦ ማራገፍ ጀምሯል። አዲስ አበባም ጃካራንዳ አለ። እኛ ግን አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እናየዋለን እንጂ እንዲህ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ ሰማዩንም መሬቱንም በአንድ ቀለም ሞልቶ አላየሁትም። የከተማው ሰው ከመኪናው መስታወት ላይ አበባ እየጠረገ ያጉረመርማል፤ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ደግኗል። እኔም ደገንኩ።

ዛፉ የፕሪቶሪያ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። አንድ ሰው ወደደው፣ አመጣው፣ ተከለው፤ ሌላውም ተከተለ። እኔን እዚያ ድረስ የወሰደኝ ጉዳይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰው የወደደውን ዛፍ ይዞ ይሰደዳል፤ በሥሩ ዙሪያ ባለው አፈር፣ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ማንም ያልጠራው አብሮ ይሳፈራል። እኔ ፕሪቶሪያ የሄድኩት ይህን ያልተጠራ ተሳፋሪ ሲከታተሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሳይንቲስት የሠሩትን ለማየት ነው።

ለነገሩ ደቡብ አፍሪካ የገባሁት ዘመድ ጥየቃ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ጄፔ ላይ ብርድ ልብስና ልብስ ይሸጣል። ጄፔን ያላየ ሰው አይገባውም፤ ፎቅ ወጥተህ ፎቅ ትወርዳለህ፣ በየደረጃው አማርኛ ትሰማለህ፣ ሀድይኛና ከምባትኛም ትሰማለህ፣ ቡናው ይፈላል፣ እንጀራው ይጋገራል። ለምን ፕሪቶሪያ እንደምሄድ ስነግረው ሒሳብ የሚደምርበትን ወረቀት አስቀምጦ አየኝ። «ሰው እዚህ አገር ወርቅ ፍለጋ ነው የሚመጣው። አንተ ሻጋታ ፍለጋ መጣህ?»

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ጥናት ነው። አባቴ ሻሸመኔ አጠገብ ተክሎት የሄደ ቀይ ባሕር ዛፍ አለን። ለጋው ቅርፊት ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ወጥቶበት፣ አንዳንድ ቦታ ተሰንጥቆ ቀይ ሙጫ ሲያለቅስ አየሁና ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘኋቸው ጽሑፎች ዓለሙ ገዛኸኝ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ያወጧቸው ናቸው፤ የባሕር ዛፍና ፓቱላ የተባለው የጥድ ዓይነት በሽታዎች በኢትዮጵያ። የሚጠሩት ቦታ ሙኔሳ ሻሸመኔ፣ ወንዶ ገነት፣ ጅማ፣ ሚዛን፣ በደሌ። አድራሻቸው ግን ፕሪቶሪያ። የደቡብ አፍሪካ ከተማ ስለ አባቴ ዛፍ ከእኔ የበለጠ ማወቋ ትንሽ አስቀናኝ። አብረው ከፈረሙት ስሞች መሐል አንዱ በሄድኩበት ጽሑፍ ሁሉ እየተከተለ መጣ፤ ማይክል ዊንግፊልድ።

ዊንግፊልድ ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው። ፒተርማሪትዝበርግና ስቴለንቦሽ ተምረው በ1983 ዶክትሬታቸውን ከአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሚኒሶታ ሳሉ የሠሩት ሥራ የኋላውን ሕይወታቸውን ሁሉ የሚያስረዳ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን አንድ በዓይን የማይታይ ቀጭን ትል የጃፓንን ጥድ ይፈጅ ነበር። ያው ትል አሜሪካ ውስጥ ሲገኝ ደነገጡ፤ የእኛም ደን ማለቁ ነው ተባለ። ወጣቱ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሚኒሶታ፣ አይዋና ዊስኮንሲን እየዞሩ ሲመረምሩ ግን ትሉን የሚያገኙት በሌላ ምክንያት በተዳከመ ዛፍ ላይ ነበር። ጤነኛውን የአገሬውን ጥድ አይገድልም። ትሉ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ከዛፎቹ ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ኖሯል። ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ሲደርስ ያገኛቸው ጥዶች ግን ፈጽሞ አያውቁትም። በአገሩ ጨዋ የሆነው በሰው አገር ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

ይህን ሐሳብ ይዘው አገራቸው ሲገቡ ደቡብ አፍሪካ ለእንዲህ ያለ ሰው የተዘጋጀች ነበረች። አገሪቱ ሣሯ እንጂ ደኗ ብዙ አይደለም፤ ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍና ለወረቀት የሚሆነውን እንጨት ያገኘችው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ፣ ፓቱላ ከሜክሲኮ፣ ዋትል የሚባለውን ግራር እንደገና ከአውስትራሊያ እያስመጣች በመትከል ነው። መጤ ዛፍ መጀመሪያ ላይ ያምርበታል። በሽታውን አገሩ ጥሎ ስለመጣ ከተወላጁ ፈጥኖ ያድጋል። ከዚያ አንድ ቀን በሽታው ይከተለዋል፤ ወይም የአገሬው ፈንገስ አዲሱን እንግዳ ቀምሶ ይወደዋል።

በ1990 ብሉምፎንቴን ሳሉ የዛፍ ጥበቃ የትብብር ፕሮግራም የተባለውን መሠረቱ። ይህ ከሳይንሱ እኩል የሚያስደንቀኝ ሥራ ነው፤ በገበያ የሚፎካከሩ የእንጨትና የወረቀት ኩባንያዎች ለበሽታ ምርምር ገንዘብ እንዲያዋጡና የታመመ ዛፋቸውን ሳይደብቁ እንዲያሳዩ አግባቧቸው። እኛ ዘንድ ጎረቤታሞች የድንበር ባሕር ዛፍ ጥላ ላይ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። በ1998 ቡድኑ ወደ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የደንና የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ተቋም ተወለደ፤ ሰዉ ሁሉ «ፋቢ» ይለዋል። ፕሮፌሰሩ በኋላ ከ2014 እስከ 2019 የዓለም አቀፉ የደን ምርምር ድርጅቶች ኅብረት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ባለቤታቸው ብሬንዳ ዊንግፊልድ የጄኔቲክስ ሊቅ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ፈንገስ ሙሉ የዘር መጽሐፍ የተነበበው በእሳቸው ቡድን ነው፤ በ2012። የተነበበውም የፓቱላን ችግኝ የሚፈጅ ፉዛሪየም ነበር፤ በ1990 ንጎድዋና በሚባል ቦታ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተነሥቶ ደን ባለቤቶችን እንቅልፍ የነሳ።

ፕሮፌሰሩን አላገኘኋቸውም። አላዘንኩም፤ ሥራቸውን የሚያሳየኝ የጅማ ልጅ የሆነ የዶክትሬት ተማሪ አገኘሁ። በኢትዮጵያዊ ጨዋነት ከመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ብሎ ጠርቶኝ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ያስገባኝ የዛፍ ክሊኒክ ነው። በእርግጥም ክሊኒክ ነው፤ ደን ጠባቂው፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛው፣ ከሩቅ አውራጃ የታመመ ሥር፣ ቅርፊት፣ ቅጠል ይልካሉ፣ ተመርምሮ መልስ ይሄድላቸዋል። ተማሪው አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ቁራጭ አንሥቶ በቢላ ላጠው። ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ነጭ ነው።

«ጋሼ፣ ናሙና ቢወስዱ ከየት ይወስዱ ነበር?»

በጥቁሩ ላይ ጠቆምኩ። ሳቀ።

«እዚያ የሚያገኙት ገዳዩን አይደለም፤ ለቀብር የመጣውን ነው። ዛፍ ሲሞት ስንት ዓይነት ሻጋታ ይሰበሰብበታል! ገዳዩ ያለው ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። እዚያ ገና እየሠራ ነው።»

ከድንበሩ ላይ የጥፍር ቅንጣት የምታህል ቁራጭ ወስዶ፣ ላዩን አጽድቶ፣ ምግብ ያለው ሳህን ላይ አስቀመጣት። ከዚያ መጠበቅ ነው። የሚበቅለውን ለይተው ለብቻው ያሳድጉታል፤ ጤነኛ ዛፍ ላይ መልሰው ይከትቡታል፤ ያ ዛፍ በዚያው ዓይነት ከታመመ ከእሱ ላይ ደግሞ ያንኑ ፈንገስ እንደገና ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ካልተሟላ ፈንገሱ ተጠርጣሪ ነው እንጂ ወንጀለኛ አይባልም። ይህን ያህል የማስረጃ ጥንቃቄ ለሰው ሲደረግም ሁልጊዜ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ሌላ ሳህን አሳየኝ፤ ይህንን ነው ሌሊት በሕልሜ ያየሁት። ሁለት ፈንገሶችን በአንድ ሳህን ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጧቸዋል። ሁለቱም እያደጉ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ የተወሰዱት ከአንድ ግለሰብ ከሆነ፣ በመሐላቸው መቶ ሜትር ርቀት ቢኖርም እንኳ፣ ሲነካኩ ይተዋወቃሉ፤ ምንም ሳይፈጠር ይዋሐዳሉ። ባዕዳን ከሆኑ ግን መሐላቸው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራሉ። ፈንገስ ዓይን የለውም፣ አንጎል የለውም፤ ራሱን ግን ከሌላው ይለያል። «ታዲያ ይህ ተክል ነው ትላላችሁ?» አልኩት። «ተክል አይደለም እኮ ጋሼ! ከተክል ይልቅ ለእኔና ለእርስዎ ይቀርባል።» የሥጋ ዝምድናችንን በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁ።

ፓቱላ ስላለን የሳይሬክስ ተርብን ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህች ተርብ የአውሮፓና የአካባቢው ተወላጅ ናት፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1994 ኬፕ አካባቢ ታየች። ሴቷ የጥዱን ግንድ በሹል ጅራቷ ወግታ ሦስት ነገር ታስገባለች፤ እንቁላል፣ መርዛም ልጋግ፣ እና ስፖር የሚባል የአንድ ፈንገስ መራቢያ ቅንጣት። ልጋጉ ዛፉን ያዳክማል፣ ፈንገሱ እንጨቱን ያደርቃል፣ እጮቿ ፈንገሱ ያለሰለሰውን እንጨት እየሰረሰሩ ያድጋሉ። እስከዚህ ድረስ ያስፈራል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያስቃል። መድኃኒቱ ሌላ ትል ነው። ትሉ ሁለት ኑሮ አለው፤ ዛፉ ውስጥ ፈንገሱን ሲያገኝ ፈንገስ እየበላ ይራባል፤ የተርቧ እጭ አጠገቡ ስትሆን ደግሞ ሌላ ሆኖ ይወለድና ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። ያቺ እጭ አድጋ ስትበር እንቁላሏ መሐን ነው፤ በውስጡ ያሉት ትሎች ናቸው። ሄዳ ሌላ ጥድ ትወጋለች፣ ጠላቷንም በገዛ እጇ ትተክላለች። ሰው የሚያደርገው በመጀመሪያዎቹ ዛፎች ውስጥ ትሉን ማስገባት ብቻ ነው፤ የቀረውን እሷው ታዳርሰዋለች። በዚህ የተርብ፣ የፈንገስና የትል ውል ላይ በብዛት ከሠሩት አንዱ የዊንግፊልድ ተማሪ የነበሩት በርናርድ ስሊፐርስ ናቸው።

ከተማሪው ጋር ከፕሪቶሪያ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ፣ ወደ ዙሉላንድ የወረድነው በመኪና ነው። ፖንጎላን አልፈን ወደ ክዋምቦናምቢ ስንቃረብ መስኮቱን ከፈትኩ። እንጦጦ ሸተተኝ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያለው እንጦጦ፣ እናቶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱበት ቁልቁለት። ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ልጅ ባዕድ ዛፍ አይደለም። ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ነው ያቆያት። ዙሉላንድ ላይ ግን እኛ እንደምናውቀው አይደለም፤ ለወረቀት ስለሚቆረጥ በስድስት በስምንት ዓመት ይታጨዳል፣ ረድፉ በገመድ የተለካ ነው፣ ግንዱ ሁሉ እኩል ነው። እኩል የሆነበት ምክንያት አለው። ዛፎቹ ከአንድ እናት ዛፍ ተቆርጠው የተባዙ ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠረው ግንድ በዘሩ አንድ ዛፍ ነው።

በ1988 እዚህ አካባቢ በአንድ እንዲህ ባለ የተባዛ ዝርያ ላይ ለጋ ቅርፊት ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ታየ። ጠቃጠቆዎቹ እየሰፉ ተገናኙ፣ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፣ ሙጫ ፈሰሰ፣ የዛፉ ጫፍ ቀጨጨ። አንድ ዛፍ ላይ የሚሠራ በሽታ በዘሩ አንድ በሆነው ደን ሁሉ ይሠራል፤ ስለዚህ ፈጠነ። ዊንግፊልድና ባልደረቦቻቸው ለሳይንስ አዲስ የሆነ ፈንገስ መሆኑን አሳይተው ኮኒዮታይሪየም ዙሉዌንሴ አሉት። በኋላ በታይላንድ፣ በቻይና፣ በሜክሲኮም ተገኘ። መላው በመርጨት አልመጣም፤ በደን ላይ መድኃኒት ረጭቶ የሚያዋጣው የለም። የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጦ፣ የተለያዩ የባሕር ዛፍ ዝርያዎችን አዳቅሎ መትከል ነው። አሁን መንገዱ ዳር የማያቸው ረድፎች የእነዚያ ዲቃሎች ናቸው።

የኢትዮጵያው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ዓለሙ ገዛኸኝና የፕሪቶሪያ ባልደረቦቻቸው በእኛ ቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ያው የሚመስል ጠቃጠቆ አገኙ። በዓይን ሲያዩት የዙሉላንዱ ነው። በዘሩ ሲመረመር ግን የደቡብ አሜሪካው፣ በአርጀንቲናና በኡራጓይ የሚታወቀው ወንድሙ ሆነ። እንዴት ከዚያ እኛ ዘንድ ደረሰ? ተማሪውን ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። «ዘር ተልኳል፣ ችግኝ ተልኳል፣ ሰው ሄዷል መጥቷል። ጋሼ፣ ዛፍ እኮ እንደ እኛ በፓስፖርት አይሄድም።»

በዚያው አካባቢ ውሃ ዳር አንድ የአገሬው ዛፍ አሳየኝ። ቅጠሉ ወፍራም፣ ፍሬው ሐምራዊ። ከሩቅ ሳየው «ዶቅማ!» ብዬ ጮህኩ። ዶቅማ ራሱ አይደለም፣ የዶቅማ ወንድም ነው። የባሕር ዛፍን ሥረ ግንድ አሳብጦ፣ ቅርፊቱን ሰነጣጥቆ፣ ለጋውን ዛፍ ቀለበት አስገብቶ የሚገድል ሌላ ፈንገስ አለ። ዊንግፊልድና ባልደረቦቻቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1989 ሲመዘግቡት ከውጭ የመጣ ይመስል ነበር። በ2006 ከዚህ ከአገሬው ዛፍ ላይ ተገኘ። እዚህ የሚኖረው ከጥንት ነው፣ ዛፉን ብዙም ሳይጎዳ። ዶቅማና ባሕር ዛፍ፣ ዘይቱናም ጭምር፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፈንገሱ የሩቅ ዘመድ ከአውስትራሊያ ሲመጣለት ተሻገረበት። ያ የጃፓኑ ትል ታሪክ ተገልብጦ ነው እዚህ የሚነበበው፤ እንግዳው ዛፉ፣ ባለ አገሩ በሽታው።

ዋትል የሚባለውን ግራር የሚገድለውን ሴራቶሲስቲስ አልቢፈንደስንም በ1996 ስም የሰጡት እነሱ ናቸው፤ እሱም የአፍሪካ ልጅ መሆኑ የታወቀው የዘር ልዩነቱ እዚህ ብዙ ሆኖ ስለተገኘ ነው። አዲስ ቦታ የደረሰ ፈንገስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ከሁለት ስደተኛ የተራባ ስለሆነ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ በአገሩ የኖረ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ይህን ስሰማ አዊ ዞን ውስጥ አርሶ አደሩ ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ ትዝ አለኝ። እሱም ከአውስትራሊያ የመጣ የዚሁ የዋትል ዘመድ ነው፤ ኮረብታው በሙሉ በእሱ ተሸፍኖ አይቻለሁ፣ የስንቱ ቤት ቆርቆሮ የተገዛው በእሱ ነው። ተማሪው በደቡብ አፍሪካ ዋትል ላይ ከ2013 ወዲህ ስለታየው የቅጠል ዋግ ሲያወራ እኔ ስለ አዊዋ እንጅባራ አስብ ነበር።

ኬፕ ታውን የሄድኩት ብቻዬን ነው። ሰው ኬፕ ታውን የሚሄደው ለባሕሩና ለጠረጴዛው ተራራ ነው፤ ሁለቱም እንደተባለው ናቸው፣ ሌላው ጽፎታል። እኔ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ የሄድኩት ወደ ኩባንያው የአትክልት ቦታ ነው። ፓርላማው ጎን ነው፤ ሽኮኮዎቹ ከሰው እጅ ይበላሉ፣ ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተኝተው ያነባሉ፣ ሰፊው መንገድ በኦክ ዛፎች ጥላ ተሸፍኗል። ቦታውን በ1652 ያስቆፈሩት የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ ወደ እስያ የሚያልፈው መርከበኛ አትክልት አጥቶ ድዱ እየደማ ይሞት ስለነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ ነው የሚባል አንድ የፒር ዛፍ እስካሁን በብረት ተደግፎ ቆሟል። ቅጠል አውጥቷል። እጄን ልኬ ልነካው ስል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መለስኩት።

እዚህ ቦታ ላይ ኦኮችና ሌሎች ዛፎች እየጠወለጉ ይሞቱ ነበር። ሥራቸውን ሲቆፍሩት ቅርፊቱ ሥር ነጭ የፈንገስ ንጣፍ፣ በበልጋቸው ደግሞ ከጉቶው ሥር የማር ቀለም ያለው የእንጉዳይ ጥቅል። አርሚላሪያ ነው። አርሚላሪያ እንደ ጫማ ማሰሪያ የጠቆረ ክር ከመሬት በታች እየዘረጋ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳል፤ በአየር ከሚበተነው ስፖሩ ይልቅ በዚህ ክርና በሥሮች መነካካት ነው ጎረቤቱን የሚይዘው። አፍሪካ የራሷ አርሚላሪያ አላት። የእኛው አገር ደግሞ በ2000 እና በ2001 ከሙኔሳ እስከ በደሌ በተደረገው ፍተሻ ተለይቶ አርሚላሪያ ፉስሲፔስ መሆኑ ታውቋል፤ በሐበሻ ጥድ ጉቶ ላይ፣ በፓቱላ፣ በግራር ሥር። ስለዚህ የኬፕ ታውኑም የአገሬው ነው ቢባል ማንም አይገረምም ነበር።

የፋቢ ሰዎች ከሟቾቹ ዛፎችና ከእንጉዳዮቹ 19 ናሙና ወሰዱ። መጀመሪያ ዘሩን አነበቡ፤ አርሚላሪያ ሜሊያ ሆነ፣ የእስያውም የሰሜን አሜሪካውም አይደለም፣ የአውሮፓው። ከዚያ ያን ሕልም ያሳየኝን ሙከራ አደረጉ፤ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ አንድ ሳህን ላይ አሳደጓቸው። ጥቁር መስመር አልተሰመረም። 19ኙም አንድ ግለሰብ ናቸው። በአትክልቱ ቦታ ላይ የሚሞቱትን ዛፎች ሁሉ የሚገድላቸው፣ ከመሐል ተነሥቶ ከመሬት በታች በየአቅጣጫው የተዘረጋ አንድ ብቸኛ ፍጡር ነው፤ የተነሣበትም መሐል የጥንቱ የአትክልት ቦታ ማዕከል ነው። በ2001 ባወጡት ጽሑፍ የደረሱበት መደምደሚያ ይህ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓውያኑ በማሰሮ ተክል፣ ምናልባት በወይን ወይም በብርቱካን ሥር አፈር፣ ሳያውቁት አምጥተውታል።

ጥቅምት ላይ እንጉዳዩ አይወጣም። ስለዚህ ምንም አላየሁም። ሣር አለ፣ መንገድ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከእግሬ ሥር ስላለው አስብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደቾች ሞተዋል፣ ኩባንያው ከስሯል፣ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ አፓርታይድ መጥቶ ሄዷል፤ በዚያ ዘመን በመርከብ ከመጣው ሁሉ፣ ከፒር ዛፉ በቀር፣ በሕይወት ያለው፣ ያውም እየሰፋ ያለው፣ እሱ ነው። ፍርሃት ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ የአንድን ታላቅ ሰው ቤት ደጅ ቆሞ እቤት ውስጥ መኖሩን ማወቅ ዓይነት። ፍቅር ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም የለኝም። የአክስቴ ልጅ ጋ ደውዬ ነገርኩት። «ጤና ይስጥህ» አለኝ።

ደቡብ አፍሪካ ግን ለፍቅሬ ብዙም አትመችም። በ2003 ያው ቡድን የአገሪቱ ኩራት በሆነው በፕሮቲያ ቤተሰብ ላይ ሁለት የሰሜን ንፍቀ ክበብ አርሚላሪያዎችን አገኘ። በ2017 ደግሞ ፒተርማሪትዝበርግ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ሁለት ሚሊሜትር የምታህል ጢንዚዛ ተገኘች። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የመጣችው፤ ግንድ ቦርቡራ ትገባና የያዘችውን ፉዛሪየም ፈንገስ ዋሻዋ ግድግዳ ላይ ዘርታ ለልጆቿ ታርሳለች። ኦኩን፣ ሜፕሉን፣ ፕላታነሱን ትገድላለች። ያገኟት ተመራማሪዎች የዕፅዋት ማዕከሎችን እንደ ጠባቂ ማማ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ ከዓለም ሁሉ የመጡ ዛፎች አንድ ላይ ስላሉበት አዲስ እንግዳ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነውና። በ2015 ዊንግፊልድ ከሌሎች ጋር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የጻፉት ይህንን ነው፤ የተተከለ ደን ጤና የአንድ አገር ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ ዓለም በጋራ ካልተከታተለው አንዱ አገር ብቻውን አይችለውም።

ከመመለሴ በፊት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። የላክሁላትን የፕሮቲያ ፎቶ አይታ ነው።

«አንድ ችግኝ አምጣልኝ። ትንሿን።»

«አይሆንም።»

«ምነው? ሻንጣህ ውስጥ ሸጉጠው፣ ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም። ችግሩ እሱ ነው።»

«አንድ ችግኝ ምን ያደርጋል?»

«በ1652ም እንዲሁ ብለው ይሆናል» አልኳት፤ ምን እንደማወራ አልገባትም፣ ስልኩን ዘጋችው። ተማሪው ያስተማረኝን አደረግሁ፤ የጫማዬን ሶል በብሩሽ ፈትጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ አልኮል ረጭቼ አደረቅሁት። አዲስ አበባ ስደርስ ለእህቴ የሰጠኋት የፕሮቲያ ሥዕል ያለበት የጠረጴዛ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ተቀብላለች፤ ኩርፊያውን ግን እስካሁን አልለቀቀችም።